ዳሎል፤ በጨው የታነጸችው ከተማ

ዳሎል ሲባል ዛሬ በብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ቀለም ነው። ቢጫው፣ ብርቱካናማው፣ መርዝ የመሰለው አረንጓዴ ኩሬ፤ በየካሌንደሩና በየጉዞ ድርጅቱ ግድግዳ ላይ ደጋግመን ያየነው ፎቶግራፍ። ከኩሬዎቹ እምብዛም ሳይርቅ፣ በዚያው ጉብታ ላይ፣ ከተማ እንደ ነበረ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። የሠራተኛ መኖሪያ፣ ወርክሾፕና መጋዘን የነበራት፣ ግድግዳዋ በጨው ጡብ የተገነባ የማዕድን ከተማ ነበረች። የሚያነሧትም ቢሆኑ ታሪኳን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጉታል። «በዓለም ላይ ከሁሉ የሚሞቅ ቦታ ስለሆነ ሰው ጥሎት ሄደ» ይላሉ፤ አለቀ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚህ አይስማማም። ሙቀቱ እውነት ነው፤ ወደ ኋላ በቁጥር እናየዋለን። ነገር ግን ዳሎል አንድ ጊዜ ተከፍታ አንድ ጊዜ የተዘጋች ከተማ አይደለችም። ጣሊያኖች ከፍተዋት ዘግተዋታል፤ ከእነሱ በኋላ ሌሎች ሞክረዋታል፤ አሜሪካኖች ከፍተዋት ዘግተዋታል። ሙቀቱ በሁሉም ዘመን ያው ነበር። ሙቀት ቢሆን ኖሮ የሚያባርረው መጀመሪያውኑ የመጣ ባልኖረ! በየጊዜው ሲለዋወጥ የኖረው ሌላ ነገር ነው፤ በሩቅ አገር የሚቆረጠው የፖታሽ ዋጋና የባሕር በሩ ነገር። (ዓ.ም. ካላልሁ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። በአፋር ክልል ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሰፊ የጨው ሜዳ አለ። ሜዳው በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ባሕሩ ገብቶ፣ መግቢያው ተደፍኖበት፣ ውኃው ተንኖ ጨዉ ቀረ። የጨዉ ውፍረት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ከሥር ደግሞ ያልበረደ እሳት አለ። ከሜዳው መካከል እንደ እብጠት ብቅ ያለውን የዳሎልን ጉብታ ከታች ገፍቶ ያወጣው እሱ ነው። በ1926፣ ጣሊያኖቹ በሥራ ላይ ሳሉ፣ እንፋሎት ፈንድቶ 30 ሜትር ግድም ስፋት ያለው ጉድጓድ ከፍቷል። በ2004 ደግሞ የቀለጠ ዓለት ከመሬቱ ሥር ሰርጎ መግባቱን ሳተላይቶች ለክተዋል። ከተማዋ የተሠራችው እንግዲህ ገና ባልተኛ መሬት ላይ ነው።

በዚህ ጨው ውስጥ ሁለት ሀብት አለ። ሁለተኛው ፖታሽ ነው፤ እንደርስበታለን። የመጀመሪያው በየወጣችን የምንጨምረው ጨው ነው፤ ታሪኩም ከከተማዋ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በ6ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ነጋዴ ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስተስ፣ የአክሱም ሰዎች ወርቅ ወደሚገኝበት አገር ከብት፣ ብረትና የጨው ጉማጅ ይዘው እንደሚሄዱ መዝግቧል። በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ጨው በመላው አገር እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ከማውጫው በራቀ ቁጥርም ዋጋው እንደሚወደድ አስተውሏል። አሞሌ ማለት ይህ ነው። በትግራይ የጨዉን ቅፍለት የሚመራ ሹም «ባልገዳ» የሚባል ማዕረግ ነበረው፤ ባልገዳ አርአያን የመሰሉ መሳፍንት የተጠሩበት ስም ከዚሁ ሜዳ የመጣ ነው። ጨው ሹመት ነበር፤ ጨው ግብር ነበር፤ ጨው ገንዘብ ነበር።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንናገረዋለን። በላስቲክ የታሸገ የተፈጨ ጨው ብቻ እያየ ያደገ ልጅ ግን «ድንጋይ» የሚለው ከየት እንደ መጣ ሊገባው አይችልም። ዱቄትን ማን ድንጋይ ነው ብሎ ይጥላል? ተረቱ የተወለደው ጨው ተጠርቦ፣ እንደ ድንጋይ ተደርድሮ፣ በግመልና በአህያ ጀርባ ይመጣ በነበረበት ዘመን ነው።

እኔ ወደዚያ የወረድሁት በጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ከመቀሌ ተነሥተን ስድስት ሆነን ድንኳን፣ ውኃና ስንቅ ጭነን ወረድን። በአንድ ቀን ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ጆሮ ይደፍናል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሸሚዝ ይከፈታል፣ በርሃሌ ሲደረስ ወሬው ሁሉ ያበቃል። ያን ሁሉ መንገድ ያመጣነው ድንኳን ደግሞ አንድም ቀን አልተተከለም። ሐመድ ኢላ ስንደርስ ሰዎቹ አይተው ሳቁብን። እዚያ የሚታደረው በገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ ከሰማይ በታች ነው፤ ድንኳን ውስጥ የገባ ሰው እንደ ድፎ ይበስላል። ሌሊቱን ሙሉ ትኩስ ነፋስ ሲጋረፍብን አደረ። ኮከቡ ግን! ደጋ ላይ እንደዚያ ያለ ኮከብ አይቼ አላውቅም።

ጎሕ ሲቀድ በነጩ ሜዳ ላይ ተጉዘን ጉብታው ሥር ደረስን። እንደ ማንኛውም ጎብኚ መጀመሪያ ኩሬዎቹን አየን፤ ዲኙ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ጓደኞቼ ፎቶግራፍ ሲያነሡ እኔ መሪያችንን አስከትዬ ወደ ፍርስራሹ ሄድሁ።

ከሩቅ ሲታይ አፈር ለብሶ የተረሳ የጭቃ ቤት ይመስላል። ቀረብ ብሎ ግድግዳውን በጣት ነክቶ ጣትን ለመቅመስ ግን ሰው ራሱን አይገታም። ጨው ነው! ጡቡ ተስተካክሎ ተጠርቧል፤ አንዱ በሌላው ላይ በረድፍ ተደርድሯል፤ የበርና የመስኮት ቦታ ቀርቷል። ማዕዘኖቹ ግን እንደ ተላሰ ስኳር ክብ ሆነዋል። በጨው መሥራታቸው ለጌጥ አልነበረም። እንጨት የለም፤ ለጭቃ የሚሆን አፈርና ውኃ የለም፤ ያለው ጨው ነው። ዝናብ እምብዛም ስለማይጥልም ግድግዳው ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ ቆሟል። በዙሪያው ዝገት የበላው ብረት ተበትኗል፤ በርሜል፣ የማሽን አካል፣ ጎማ አልባ የተሽከርካሪ አጽም። ብረቱን ሲረግጡት እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረካከሳል። ጨው ብረትን ከጊዜ ይልቅ ፈጥኖ ይበላል።

ጣራ የሚባል ነገር የለም። ማታ ሐመድ ኢላ ተመልሰን አንድ አዛውንት በመሪያችን አስተርጓሚነት ጠየቅሁ።

«አባባ፣ የኩባንያው ቤት ጣራ የት ሄደ?»

አዛውንቱ መጀመሪያ መሪያችንን፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ በዚህ አገር ዛፍ አየህ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ እንጨት የተገኘ እንደ ሆነ ይወሰዳል እንጂ ይተዋል እንዴ!»

በአካባቢው የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እኔም ከዚያ በኋላ በሐመድ ኢላ የየጎጆውን ማገር በሌላ ዓይን ማየት ጀመርሁ።

አስጎብኚዎች ይህን ፍርስራሽ በጅምላ «የጣሊያን» ይሉታል። ጣሊያን ለኛ የአሮጌ ነገር ሁሉ ባለቤት ነውና ብዙም አይደንቅም። ነገሩ ግን ከዚያ ይረዝማል።

መነሻው በግንቦት 1908 (1900 ዓ.ም.) የተፈረመ ስምምነት ነው። ዐፄ ምኒልክና ጣሊያን በምሥራቅ በኩል ያለውን ወሰን ሲቆርጡ፣ መስመሩ ከቀይ ባሕር ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ዳርቻውን እየተከተለ እንዲሄድ ተስማሙ። ይህ በካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ቁጥር የዳሎልን ዕጣ ወሰነ ማለት ይቻላል። ዳሎል ከባሕሩ በቀጥታ መስመር ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ናት፤ ነገር ግን ከመስመሩ ወዲህ፣ በኢትዮጵያ በኩል ቀረች። ወደቡ ከመስመሩ ወዲያ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕድኑ የአንዱ፣ መውጫው የሌላው ነው።

ፖታሽ በዚያን ጊዜ ተራ ነገር አልነበረም። ለማዳበሪያ ይሆናል፤ ለሳሙና፣ ለመስታወት፣ ለክብሪት፣ ለባሩድም ይገባል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የዓለምን ገበያ የያዘችው ጀርመን ነበረች። ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር የጀርመን ፖታሽ ከተቃራኒዎቿ ገበያ ጠፋ፤ ዋጋው ጣራ ነካ። ያን ጊዜ ነው ማንም ዞር ብሎ የማያየው የአፋር በረሃ የሮም ሰዎችን ያጓጓው። ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ በሚያዝያ 1918 ዓ.ም. ሳይሆን በሚያዝያ 1910 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 1918፣ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ደረሰ። ወሰኑን አልተሻገረም፤ የቀረውን መንገድ ጭነቱ በሌላ ዘዴ ይሄዳል።

ሐዲዱ ባለቀ በሰባት ወሩ ጦርነቱ አለቀ። እንዲህ ያለ ዕድል አለ። የጀርመን ፖታሽ ወደ ገበያ ተመለሰ፤ አልዛስ የተባለው ግዛት ከነማዕድኑ ወደ ፈረንሳይ ሲዞር ሁለተኛ ሻጭ ተፈጠረ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሁለቱ ገበያውን ለመከፋፈል ተስማሙ። በዚያው ዓመታት በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ በሶቪየት ኅብረትም በኡራል ተራሮች አጠገብ አዲስ ክምችት ተገኘ። ዳሎል ከ1925 እስከ 1929 ባለው ጊዜ 25,000 ቶን ግድም ፖታሽ በመርሳ ፋጥማ በኩል ካወጣች በኋላ ሥራው ቆመ። ከባድ ሙቀት በ1929 አልጀመረም፤ የጀመረው የገበያ ውድድር ነው።

በነገራችን ላይ፣ ማዕድኑ ከመዘጋቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1928፣ ኔስቢት የተባለ እንግሊዛዊ የማዕድን መሐንዲስ ከሁለት ጣሊያኖች ጋር ከአዋሽ ተነሥቶ የአፋርን ምድር ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጧል። መጽሐፉ በአሜሪካ ሲታተም «የፍጥረት የሲኦል ጉድጓድ» ለማለት የሚቃጣ ርዕስ ተሰጠው። ሰው ግመሉን እያጠጣ፣ ልጁን እየዳረ የሚኖርበትን አገር ሲኦል ማለት ለአላፊ አግዳሚ ይቀላል። የሚያሳዝነው እኛም ደገኞቹ ይህንኑ ቃል ተቀብለን መድገማችን ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ኤርትራን ሲያስተዳድሩ ከሐዲዱ ከፊሉ ተነቅሎ ተወሰደ። ከ1951 እስከ 1953 ባለው ጊዜ በአስመራ የተቋቋመ «ዳሎል» የተባለ ኩባንያ ጥቂት ጨው ለሕንድ ሸጧል፤ ነገሩ ብዙ አልዘለቀም።

ትልቁ ሙከራ የአሜሪካው የፓርሰንስ ኩባንያ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ነው የሠራው። ጊዜው ልብ ሊባል ይገባዋል። ኤርትራ በ1952 በፌዴሬሽን፣ በ1962 ደግሞ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ በአንድ ዘውድ ሥር ገብታ ነበር። የፖለቲካው ትክክልና ስሕተት ለሌላ ጽሑፍ ይቆየን፤ ለማዕድኑ ሲባል ግን፣ ማዕድኑና ባሕሩ በአንድ መንግሥት እጅ ሆኑ። ፓርሰንስ በሜዳው ላይ ብዙ የምርመራ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ከጉብታው በስተ ምዕራብ ሙስሌ በተባለው ቦታ ፖታሽ መኖሩን አረጋግጦ ወደ ታች የሚወርድ የማዕድን ጉድጓድ አስቆፈረ። ሆልዌርዳና ሃቺንሰን በ1968 ያሳተሙት ጥናት ዛሬም ስለ ዳሎል የሚጽፍ ጂኦሎጂስት የሚጀምርበት ነው።

ጉድጓዱን ግን በ1967 ውኃ ገባበት። ዝናብ በሌለበት በረሃ ማዕድን በውኃ ተጥለቅልቆ ሲዘጋ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ምስጢሩ ያለው ከምዕራቡ ተራራ ነው፤ በደጋው የዘነበው ዝናብ በደለሉ ሥር ለሥር እየሰረገ ወደዚህ ዝቅታ ይወርዳል። ውኃ ደግሞ ለጨው ማዕድን ከእሳት ይከፋል፤ ግድግዳውን ያሟሟል። ጉድጓዱን ለማዳን የተደረገው ጥረት አልሠመረም። በዚያ ላይ በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እጅግ ሰፊ የፖታሽ ማዕድን ሥራ ጀምሮ ገበያውን ያጥለቀልቅ ነበር። አንዱ ጎርፍ ከምድር በታች፣ ሌላው ከገበያው መጣ። ከፓርሰንስ ቀጥሎ አንድ የጀርመን ኩባንያ ጥቂት መረመረና እሱም ሄደ።

እንግዲህ ሙቀቱን እናንሣው። ዳሎልን በዓለም ያስጠራት ቁጥር 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የዓመቱ ሌሊትና ቀን፣ ክረምትና በጋ ተደምሮ አማካዩ ማለት ነው። ሰው በሚኖርበት ስፍራ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው ይባላል። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ከ1960 እስከ 1966 በዚያው በማዕድን ሰፈር ከተያዘ መዝገብ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ በየቀኑ አንድ ሰው ወደ ቴርሞሜትሩ እየሄደ አንብቦ ጻፈ። ኩባንያው ሲለቅ መለኪያውም ቆመ። ስለዚህ ዳሎልን «ሙቀት የዘጋት ከተማ» ለማለት የሚጠቀስልን ማስረጃ ራሱ፣ ሰዎች በዚያ ሙቀት ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ መሥራታቸውን የሚመሰክር ወረቀት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው የቅርብ ነገር ነው። በ1993 ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ያ የ1908 መስመር እንደገና ሕይወት አገኘ፤ ከ1998 እስከ 2000 በተደረገው ጦርነት ደግሞ ጨርሶ ተዘጋ። በኢትዮጵያ በኩል ያለውን ፖታሽ ሲመረምር የነበረውን የካናዳ ኩባንያ አላና ፖታሽን በ2015 የእስራኤሉ አይ.ሲ.ኤል. ገዛው፤ በዓመቱ የመሠረተ ልማትና የግብር ጉዳይ አንሥቶ ተሰናበተ። የኖርዌዩ ያራ በ2017 የማምረት ፈቃድ ተሰጠው፤ ወደ ምርት ሳይገባ ዓመታት ነጎዱ። ፖታሹ ይወጣበታል የተባለው መንገድ በዚያው ዓመት በተመረቀው የጅቡቲ ታጁራ ወደብ በኩል ነበር፤ ባሕሩን በቅርብ እያሸተቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ዞሮ መሄድ ማለት ነው። ከወሰኑ ማዶ፣ በኤርትራ በኩል፣ ቆሉሊ የተባለው ክምችት የዚያው የአንድ ጨው ተቀጥላ ነው። የኛ ገበሬ ማዳበሪያውን የሚያገኘው ከውጭ በዶላር ተገዝቶ ነው። እርግጥ አብዛኛው ዩሪያና ፎስፌት ስለሆነ ዳሎል ብትከፈት ችግሩ ሁሉ ይቃለላል ማለት ሞኝነት ነው፤ ቢሆንም ነገሩ ያንገበግባል።

ይህ ሁሉ ኩባንያ ሲመጣና ሲሄድ፣ ከጉብታው በመኪና ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው የአሞሌ ሥራ አንድ ቀን አልቆመም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሄደን አየነው። አንዱ ቡድን የጨዉን ቅርፊት በመጥረቢያ ይሰነጥቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ ዘንግ ከትቶ በአንድ ድምፅ እየተጋገዘ ትልቁን ገበታ ፈንቅሎ ይገለብጣል። ሌላው ቁጢጥ ብሎ በትንሽ መጥረቢያ ይጠርባል፤ መለኪያ ሳይዝ፣ አንዱ አሞሌ ከሌላው እስኪመሳሰል ድረስ። ነጸብራቁ ከላይም ከታችም ነው። ለዚህ የሚሆን ቃል ስለሌለኝ አልሞክረውም። ትግሬዎች «አርሖ» የሚሉት የግመል ቅፍለት አስፋልቱ ከገባ ወዲህ ቀንሷል፤ በጭነት መኪና የሚጫነው በዝቷል። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በ2011 የወጣው ደንብም የአሞሌን ገበያ አጥብቦታል። እኛ ባየነው ቀን ግን ግመሎቹ በመስመር ተንበርክከው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። የጨው ጡቡን ቤት የሠሩት ግንበኞች ይህን የመጥረብ ጥበብ ከማን እንደ ተማሩ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ፍርስራሹ ዛሬም አጥርና ዘበኛ የሌለው ክፍት ስፍራ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት የጎብኚ መንገድ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆየ፤ ሲከፈት ደግሞ የሚመጣው ሰው በአመዛኙ ከኩሬዎቹ አያልፍም። ካለፈም ግድግዳው ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከጡቡ ቆንጥሮ በኪሱ የሚከት አለ። በዝናብ ያልፈረሰ ግንብ በጫማና በኪስ እየፈረሰ ነው። ክልሉ ስፍራውን በቅርስነት ቢመዘግብ፣ መሪዎቹም ግድግዳው ላይ መውጣት ክልክል ነው ብለው እንዲናገሩ ቢደረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከግድግዳው ይልቅ የሚያስቸኩለው ግን ሰው ነው። ስለ ዳሎል የተጻፈው በአብዛኛው ጂኦሎጂ ነው፤ የንብርብሩ ውፍረት፣ የኩሬው ኬሚስትሪ፣ የኩባንያው ስም። ፓርሰንስ ጉድጓዱን ሲያስቆፍር የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሠራተኛ ዛሬ 80 ዓመት ያለፈው አዛውንት ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በበርሃሌ፣ በመቀሌ፣ በአዲግራት፣ በአስመራም ቤታቸው ተቀምጠው ይሆናል። ደመወዙ ስንት ነበር? ውኃ ከየት ይመጣ ነበር? በሰኔ ቀትር ላይ ሥራ ይቆም ነበር ወይስ አይቆምም? ጉድጓዱን ውኃ የገባበት ዕለት ከታች ማን ነበር? ይህን የሚነግሩን እነሱ ብቻ ናቸው። ከአንባብያን መካከል አባቱ ወይም አጎቱ በዳሎል የሠራ፣ ወይም የዚያ ሰፈር ፎቶግራፍ በቤተሰብ አልበም ውስጥ ያለው ቢኖር፣ ጽፎ ቢልክልን የዝግጅት ክፍሉ በሚቀጥሉት እትሞች በደስታ ያወጣዋል።